ሁለት ስም፣ አንድ ቦታ

ቁጥሮቹ እኩል ነበሩ። በግራ ያሉትም በቀኝ ያሉትም፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከነጥብ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ አሃዝ ሳትቀር አንድ ዓይነት። ልጅቷ ሰነዱን ከመላኳ በፊት ደጋግማ አይታቸው ነበር፤ ደስ አሏት እንጂ አልጠረጠረቻቸውም። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ሰነዱ ገምጋሚዎቹ እጅ ከገባ ሰንብቶ፣ ስብሰባው ከምሳ በኋላ ሊደረግ፣ ለእናቷ ጮክ ብላ ስታነብላት ድምጿ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች እናትየው። የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እየዘመዘመች ነበር።

«እኩል ናቸው።»

«እሰይ! እኩል ከሆኑ ጥሩ አይደል?»

«በጣም እኩል ናቸው፣ እማ።»

እናትየው መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «በጣም እኩል» የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም፤ የልጇን ፊት ግን ታውቀዋለች። ልጅቷ ትንሽ ሳለች የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አውቶቡስ ላይ ረስታ የመጣች ቀን ይህንኑ ፊት ይዛ ነበር በሩ ላይ የቆመችው።

ከማንኛውም ስብሰባ በፊት እናቷን አስቀምጣ ሥራዋን ከሀ እስከ ፐ ማስረዳት የልጅቷ ልማድ ነው። በሙያዋ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ለማያውቅ ሰው ሲያስረዱ የራሳቸው ስህተት ይታያቸዋል። ቢሮዋ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ዳክዬ አስቀምጦ ለሷ የሚያስረዳ ሰው አለ።

«እኔ ታዲያ የዳክዬ ምትክ መሆኔ ነው?» ብላት ነበር እናትየው ይህን የሰማች ቀን።

«ዳክዬ ጨርቅ አይዘመዝምም። አንቺ ትበልጫለሽ።»

ከመደጋገሙ የተነሳ እናትየው ነገሩን በራሷ መንገድ ይዛዋለች። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ስፌት ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ የማይገባትን ትተወዋለች፣ የገባትን አትለቅም። የልጇ ድርጅት የመድኃኒት ማቀዝቀዣዎችን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ይጽፋል። የሚጻፍበት ቋንቋ ሲ ይባላል። ሰው በሲ የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይር ኮምፓይለር የሚሉት ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ይህኛው የአንድ ድርጅት ንብረት ሳይሆን በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሚሠሩት፣ ምን እንደሚጨመርበትም ገምጋሚዎች የሚወስኑለት ነው። ጠቋሚ የሚባለው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ቁጥሩ የተቀመጠበትን ቦታ የሚያሳይ ነው። ሁለት ጠቋሚዎች አንድ ቦታ ሊያሳዩ ይችላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው «እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም» ብሎ ቃል ከሰጠ ኮምፓይለሩ ያምነዋል፤ ሥራ እንዲፈጥንለት አንዴ ያነበበውን ቁጥር በእጁ ይዞ ተመልሶ ሳያይ ይቀጥላል። ቃሉ ውሸት የሆነ እንደሆነ፣ ቁጥሩ በሌላኛው ጠቋሚ በኩል ይለወጥና እሱ አሮጌውን ጨብጦ ይቀራል።

እንዲህ ሆኖ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ወርክሾፕ ውስጥ ለሙከራ የቆመ ማቀዝቀዣ መስኮቱ ላይ አራት ዲግሪ እያለ ውስጡ አስራ አንድ ገብቶ ተገኘ። ውስጡ የነበረው ውሃ የሞላ ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። እናትየው ግን ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤት በገባች ቁጥር ማቀዝቀዣውን በክፉ ዓይን ታየዋለች። አንዴማ ባለሙያዋን «ይህቺ ቁጥር እውነተኛ ናት?» ብላ ጠይቃ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስቆባታል።

የልጅቷ ሐሳብ፣ ኮምፓይለሩ ላይ እንዲጨመር ያቀረበችው፣ ቃል ሲሰጠው ዝም ብሎ እንዳያምን ነበር። ጸሐፊው ቃሉ አጠገብ እሷ ያወጣችውን አዲስ ምልክት ካስቀመጠ፣ ኮምፓይለሩ ያ የፕሮግራም ክፍል የሚጠራባቸውን ቦታዎች ሁሉ ዞሮ ያያል፤ አንዱን ቦታ በሁለት ስም የላከ ካገኘ እምቢ ይላል። አስቀድሞ ሊያየው የማይችለውን ደግሞ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚጠይቅ ትንሽ ፍተሻ ይጨምርበታል።

«እንዳንቺ አደረግኩት» ብላት ነበር ልጅቷ። «ምድጃው ጠፍቷል ቢሉሽ እጅሽን አስጠግተሽ ካላየሽ የማታምኚ።»

እናትየው ይህን ምስጋና ይሁን ስድብ ሳትለይ ለጎረቤት ሁሉ አውርታዋለች።

የሚቃወሙት የሚያነሱት አንድ ነገር ነበር፦ ፍተሻ ያዘገያል። ልጅቷም ሰባት ፕሮግራሞችን በአሮጌው ኮምፓይለርና የሷ ሐሳብ በተጨመረበት በአዲሱ ለክታ፣ ውጤቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ምንም አላዘገየም። የሰነዱ ጉልበት ይኸው ሠንጠረዥ ነበር። አለቃዋ ለዚህ ሥራ ጊዜ የሰጣት በግድ ነው። «ዛሬ ካላለፈ ይዘጋና ወደ ሌላ ሥራ ትዛወሪያለሽ» ብሏታል። እናትየው «ትዛወሪያለሽ» ሲባል ሰምታ በሐሳቧ ልጇን ከሥራ አባርራ፣ ዕቃዋን በካርቶን አስይዛ ደረጃው ላይ አቁማታለች።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ስባ ከፈተች። ጣቶቿ ሮጡ፤ ቆሙ። ከዚያ ሳቀች፤ እናትየው የማትወደው ዓይነት ሳቅ ነበር።

«ምነው? ምን ሆነሽ ነው? ተናገሪ እንጂ ነፍሴን አታውጪያት!»

«ሁለት ፎልደር አለኝ፣ እማ። አንዱ «አሮጌው» ይላል፣ አንዱ «አዲሱ» ይላል። ያኔ ቦታ ሲሞላብኝ አዲሱን አጠፋሁና፣ እስክመልሰው ብዬ ስሙን ወደ አሮጌው እንዲያሳይ አደረግኩት። ረሳሁት። የለካሁት ሁለቱንም ጊዜ አሮጌውን ነው።»

እናትየው ትንሽ አሰበች። «ሁለት ስም፣ አንድ ቦታ» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። ዓለምን ከዚህ ላድን የተነሳሁት እኔ!» ልጅቷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

«ማን አየው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እስካሁን ማንም ያለኝ የለም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እማ!»

«ምን እማ ትይኛለሽ? ሰው ግደይ አላልኩሽ። ስብሰባው ይለፍ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ።»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ? የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ያስጨነቅሽው?»

«እሷ ልጄ አይደለችም!» አለች እናትየው። አፏ ላይ የመጣላት ይህ ብቻ ነበር፤ ካለችው በኋላ አሳፈራት። መርፌዋን አንስታ መስፋት ጀመረች፤ ክሩ ከመርፌው መውጣቱን ያወቀችው ብዙ ከወጋች በኋላ ነው።

ልጅቷ ያጠፋችውን አዲሱን ኮምፓይለር መልሳ ጫነች፣ ስሙንም ወደሱ አዙራ ልኬቱን እንደ አዲስ አስነሳችው። ጠዋቱን ሙሉ ሲፈጅ ማሽኑ እንደ ታመመ ሰው ይተነፍስ ነበር። እናትየው «ይህ ነገር ይፈነዳል እንዴ?» እያለች ሁለቴ መጥታ እጇን አስጠጋችበት። ውጤቱ መጣ። ስድስቱ ብዙም አልተለወጡም፤ አንዳንዱ ላይ ጥቂት መዘግየት፣ በደህና ቀን ማንም የማይጣላበት። ሰባተኛው ግን፣ ፎቶግራፍ የሚያጠራው ፕሮግራም፣ ከቀድሞው የግማሽ ያህል ጊዜ ጨምሮ ቁጭ አለ።

ልጅቷ ለሥራ ባልደረባዋ ደወለች፤ ማቀዝቀዣ ላይ ስለሚሠራም፣ ምንም ቢመጣ ስለማይደነግጥም በረዶ ነው የሚሉት። ስልኩን ድምጽ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የሰውን ጠቋሚ ስትፈትሺ የራስሽ አመለጠሽ በይኛ» አለ በረዶ ከሰማ በኋላ።

«ቀልድህን ቆየት አድርገው። ምን ልሁን?»

«ምንም አትሁኚ። አመመኝ ብለሽ ወደሚቀጥለው ወር አስተላልፊው። እስከዚያ የሰባተኛውን ምክንያት እናገኘዋለን።»

«እንትፍ! እንትፍ!» እናትየው ከወንበሯ ብድግ አለች። «አንተ ልጅ፣ ክፉ ነገር በልጄ ላይ አትጥራ! አመመኝ ተብሎ ይዋሻል? ነገ እውነት ቢሆንስ?»

«ኧረ እማማ፣ እንዲያው ለአፍ ነው እኮ።»

«ለአፍ የተባለው አይደል አልጋ ላይ የሚያስቀረው!»

በረዶ ስልኩ ውስጥ ሳቁን ሲያፍን ተሰማ። ልጅቷ ግን ወደ እናቷ ዞረች። «ቆይ እንጂ። እውነቱን ልናገር ስል ዝም በይ አልሽ። አመመኝ ልበል ሲባል ደግሞ አይሆንም አልሽ። ምን በይ ነው የምትዪኝ?»

እናትየው አፏን ከፈተች። የሚባል ነገር ፈለገች፤ ልጇን የሚያስጥልላት፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ሕመም የማይጠራ ውሸት። አንድም አላገኘች። «ያየሽውን በያ!» ብላ ጮኸች፣ እንደ ተናደደ ሰው። «ምን አባቴ ላድርግሽ? ያየሽውን በይ!»

ልጅቷ ለገምጋሚዎቹ በሙሉ አጭር መልእክት ጻፈች። የላክሁት ሠንጠረዥ ስህተት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የለካሁት አንዱን ኮምፓይለር ነው፤ ትክክለኛው ይኸው፤ ሰባተኛው ለምን እንደዘገየ ገና አላወቅኩም። እናትየው ከኋላዋ ቆማ አነበበችው። «አላወቅኩም የሚለውን እንኳ ባታስገቢው» ለማለት ትንሽ ቀራት። የልጅቷ ጣት መላኪያው ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ግን እናትየው ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁን ተልኮ ማጥፋት ይቻላል?»

«አይቻልም። ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ነው፤ ከነስሜ እዚያው ይኖራል።»

«ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

እናትየው ወደ ኩሽና ገብታ ባዶ ድስት አጠበች።

ስብሰባው በኮምፒውተር ስለነበረ፣ መብራት እንዳይጠፋ የሚሰካ ነገር ሁሉ ነቀለች፤ የውሃ ማፍያውን፣ ፍሪጁን፣ የልብስ ስፌት ማሽኗን። ልክ ልትቀመጥ ስትል የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ግድግዳ መምታት ጀመረች። እናትየው በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወጣች። ጎረቤቲቱ መዶሻ ይዛ ከፈተች፤ መጋረጃ እየሰቀለች ነው።

«በሞትኩት፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ተይልኝ። ልጄ ሰው ፊት ቀርባለች።»

«ምነው፣ ሽማግሌ መጣባችሁ እንዴ?»

«ከዚያ የባሰ ነው።»

ጎረቤቲቱ መዶሻውን ከኋላዋ ደበቀችው። «አይዞሽ፣ ጸጥ እላለሁ። ከተፈታች ንገሪኝ።»

ስትመለስ የልጅቷ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። እናትየው ወንበር ስባ ውጭ ተቀመጠች። የሚሰማት የልጇ ድምጽና፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣ የአንድ ሽማግሌ ወፍራም ድምጽ ነው። ይህ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ጎራዴ እንደሚባል ታውቃለች፤ የመጣለትን ሐሳብ ሁሉ ከመሃል ስለሚቆርጥ።

«መልእክትሽን አይቼዋለሁ» አለ ጎራዴ። «ስህተቱን ያገኘሽው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እኔ ሰነዱ በመጣ ማግስት ነው ያየሁት።»

እናትየው የቀሚሷን ጫፍ ጨመደደች።

«እንዲህ ያለ ልኬት የለም» አለ ሰውዬው። «አንዱን ፕሮግራም ሁለቴ ብታስኬጂው እንኳ የመጨረሻዋ አሃዝ ትለያያለች። እዚህ ግን ልዩነት የለም።»

«ሁለተኛውን ጊዜ በእውነት አልለካሁም። የመለኪያ ፕሮግራሜ ያንኑ ፋይል ሲያገኝ የቀድሞውን ውጤት አውጥቶ ሰጠኝ። ያንንም አሁን ነው ያየሁት።»

«አዎ፣ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ዛሬ ልጠይቅሽ አስቀምጬው ነበር። ቀደምሽኝ።»

እናትየው ስንቱን አሰበች። ዝም በይ ያለችው እሷ ናት። ሆድ ይፍጀው ያለችው እሷ ናት። ይህ ሰውዬ ጥያቄውን ይዞ አድፍጦ ተቀምጦ ሳለ ልጇን እጇን ይዛ ወደ አፉ ልታስገባት ነበር።

«የሰባተኛው ምክንያት ምንድን ነው?»

«አላውቀውም።»

«ግምትስ?»

«ፍተሻው የሚደጋገም ዙር ውስጥ የገባ ይመስለኛል። አንዴ መጠየቅ ሲበቃ በየዙሩ እየጠየቀ ይሆናል። ግን አልለካሁትም፣ ስለዚህ አዎ ልልዎት አልችልም።»

«መልካም። ላልለካሽው አዎ አትበይ።» የወረቀት ድምጽ ተሰማ። ሌሎች ሰዎች ተናገሩ፤ አንዷ ሴት ደገፈቻት፣ አንድ ወጣት ድምጽ ያለው ሰው «ይህን ሁሉ ሸክም ለማን ብለን ነው?» ብሎ ተከራከረ። ስለ ምልክቷ ስም ረጅም ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ለእናትየው ክርስትና ስም የሚያወጡ መሰላት። በመጨረሻ ጎራዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ለሁለት ልቁረጠው ባይ ነኝ። ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ዞሮ የሚያየው ክፍል ምንም አያዘገይም፤ ይህ ለሙከራ ይግባ። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠይቀው ክፍል ይቆይ። ምክንያቱንና ሌላ ሰው በሌላ ማሽን የለካውን ውጤት ይዘሽ ተመለሺ። ተቃውሞ?»

ተቃውሞ አልነበረም።

ልጅቷ ወጣች። ፀጉሯ ጆሮዋ ላይ ተጣብቋል። «ግማሹ ገባ» አለች።

«ግማሹ ማለት ግማሽ ደመወዝ ነው?»

«እማ፣ ደመወዝ አይደለም!» ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ሳቀች። ያ ማቀዝቀዣ ዛሬ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን የገባው ግማሽ ብቻውን ይይዘው እንደሆነ እናትየው ጠየቀቻት። ልጅቷ አሰበች። «እዚያ ላይ ሁለቱ ስሞች አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። ይይዘው ነበር» አለች። «ሁሉንም ግን አይዝም።»

አለቃዋ ደወለ። እናትየው ስልኩ ላይ ጆሮዋን ልትለጥፍ ምንም አልቀራት። ሰውዬው አላመሰገነም፣ አልተቆጣምም። ግማሹ ስለገባ ሥራው አይዘጋም አለ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንኛውም ልኬት ሁለተኛ ሰው ሳያየው ከቢሮ እንዳይወጣ አለ፤ ይህን ደንብ ሲናገር የማንንም ስም አልጠራም፣ ልጅቷም «እሺ» አለች። ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። እናትየው ትከሻዋን ልትነካት እጇን ዘርግታ፣ መልሳ ፍሪጁን ልትሰካ ሄደች። ጎረቤቲቱ ከላይ «ተፈታች?» ብላ በደረጃው ጮኸች። «ተፈታች፣ ምቺ!» አለቻት እናትየው።

ሲመሽ በረዶ መጣ። የቢሮ ኮምፒውተር በብብቱ ይዟል፤ ነገ ልኬቱን በሌላ ማሽን የሚደግመው ሁለተኛ ሰው እሱ ስለሆነ፣ ሁለቱ ማታውኑ አዘጋጁት። ሻይ ጠጣ፣ ዳቦ በላ፣ ስለ ፎልደሮቹ አዲስ ቀልድ አወጣ። ልጅቷ መጀመሪያ በትራስ ወረወረችው፣ ቀጥላ ግን «ስማቸውን አንተ ፈትሽልኝ፣ እኔ ራሴን አላምንም» አለችው። እሱም ሳይቀልድ አንድ በአንድ ፈተሸላት።

ሊሄድ ሲነሳ እናትየው እስከ በሩ ሸኘችው። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያዘችው።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ። አያባርሯትም?»

«ኧረ አያባርሯትም፣ እማማ።»

«ለእኔ ብለህ አትሸፍን። እዚያ የተጻፈው ነገር ከነስሟ ይኖራል ብላኛለች። ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ብትፈልግ ያነቡታል።»

በረዶ ጫማውን ማሰር ትቶ ቀና አለ። «ያነቡታል» አለ። «እንዲህ ያደረገች ብለው የሚስቁባት ይኖራሉ፤ አልዋሽዎትም። እኔም ጀምሬያለሁ። ጎራዴ ግን ሁለተኛውን ክፍል ይዛ እንድትመለስ ራሱ ጠይቋታል። እሱ ተመለሺ ያለው ሰው ጥቂት ነው።»

እናትየው ፊቱን መረመረችው። የደበቀው ነገር ያለ አልመሰላትም፤ መሳቃቸው ግን እንደ እሾህ ገባባት። ይሁን፣ አለች በልቧ፤ ከሳቅ የከፋ ስንት ነገር አስቤ የዋልኩ። «በል በደህና ግባ። ደረጃው ላይ መብራት የለም፣ ግድግዳውን ይዘህ ውረድ። ስትደርስ ደውል።»

«እሺ እማማ፣ ደህና ይደሩ።»

የጫማው ድምጽ እስከ ታች እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች። ከውስጥ ልጅቷ «እማ፣ ነይ ተቀመጪ፣ የሰባተኛውን ነገር ከመጀመሪያው ላስረዳሽ» አለቻት።

«መጣሁ» አለች እናትየው። በሩን ገፋ አድርጋ ገጠመችው፣ ቁልፉን አዞረችና ቆለፈችው።